ላምፕስን በጠጣር አርጎን ስንመዝነው

ቻርጅ የሌላቸው አቶሞች በክሪስታል ውስጥ እንዴት እንደሚሳሳቡና እንደሚገፋፉ በኮምፒውተር ማስላት ለሚፈልግ ሰው ላምፕስ ድንቅ ፕሮግራም ነው። መነሻው የአሜሪካው ሳንዲያ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ነው፤ በነፃ ይገኛል፣ ኮዱም ክፍት ነው።

ጥሩው መፈተኛ ጠጣር አርጎን ነው። የሁለት አቶሞችን መሳሳብና መገፋፋት ለሚገልጸው የሌናርድ-ጆንስ ቀመር ሲግማን (የአቶሙን መጠን የሚወክለውን ርቀት) 3.40 አንግስትሮም (የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ)፣ ኤፕሲሎንን (የመሳሳቡን ጥንካሬ) 0.0104 ኤሌክትሮን ቮልት (የኢነርጂ መለኪያ) አድርገው ይስጡት። ሁለት አቶሞች ብቻቸውን ቢሆኑ 3.82 አንግስትሮም ተራርቀው ይረጋጋሉ፤ በክሪስታሉ ውስጥ ግን የሩቅ ጎረቤቶች መሳሳብ ተደምሮ ርቀቱን ወደ 3.71 ያጠበዋል። በሙከራ የተለካው 3.76 ገደማ ነው። ለልዩነቱ ዋናው ምክንያት አቶሞቹ በዜሮ ኬልቪን እንኳ የማያቆሙት የኳንተም ንዝረት ነው፤ ይህን ኳንተምን የማያካትተው ክላሲካል ስሌት አይይዘውም።

ማቋረጫ ርቀቱን፣ ማለትም ከዚያ በላይ የተራራቁ አቶሞች መሳሳብ የማይሰላበትን ወሰን፣ በጥንቃቄ ይምረጡ። የተለመደው 2.5 ሲግማ የመሳሳቡን ጅራት ስለሚቆርጥ ክሪስታሉን አጣብቆ ከሚይዘው የትስስር ኢነርጂ 6 በመቶ ያህል ይጎድላል። በ4 ሲግማ ጉድለቱ ከ2 በመቶ በታች ይወርዳል፤ የሚሰሉት ጥንዶች ግን 4 እጥፍ ይሆናሉ። ለክሪስታል ዋጋ ያለው ልውውጥ ነው።

በብዛት የሚያሳስተው የአሃድ ምርጫ ነው። 0.0104ን ኪሎካሎሪ በሞል በሚጠቀመው አሃድ ካስገቡት መሳሳቡ 23 ጊዜ ያህል ይደክማል፤ ክሪስታሉም በ20 ኬልቪን ይፈርሳል። በዚያ አሃድ ትክክለኛው ቁጥር 0.24 ነው። አቶሞች ተደራርበው ከጀመሩ ደግሞ መገፋፋቱ ወርውሮ ይበትናቸዋል፣ ፕሮግራሙም አቶሞች ጠፍተዋል ብሎ ይቆማል። ስሌቱን ከማስኬድዎ በፊት ኢነርጂውን ዝቅ የሚያደርገውን ትእዛዝ ያስቀድሙ።