የፕሮክሲ ማከማቻ፦ ራም ወይስ የተለየ ዲስክ?

አዳማ ውስጥ ባሉ ማሠልጠኛዎችና አነስተኛ ቢሮዎች አንዱን የኢንተርኔት መስመር ብዙ ኮምፒውተሮች ይጋሩታል። በፋየርዎሉ (መስመሩን በሚጠብቀው ኮምፒውተር) ላይ ስኩዊድን፣ ማለትም የወረደን ፋይል አስቀምጦ ለሌሎቹ ኮምፒውተሮች የሚያቀብለውን የፕሮክሲ (የአማላጅ) ፕሮግራም የሚጭን ባለሙያ እንግዲህ መወሰን አለበት፤ ከኢንተርኔት የወረደው ፋይል በራም (በኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ብቻ ይቀመጥ ወይስ በተለየ ዲስክ?

ራም ፈጣን ነው፤ ብዙ ማዋቀርም አይፈልግም። ቅንብሩ ካልተነካ ስኩዊድ ለማከማቻው 256 ሜጋባይት ራም ይመድባል። መብራት ሲጠፋ ግን ሁሉም ይጠፋል፤ ትናንት የወረደው ዛሬ እንደገና ይወርዳል።

የተለየ ዲስክ ይህን ብክነት ያስቀራል፤ የሥርዓቱ ዲስክም በማከማቻው ምክንያት አይሞላም። ሥራው ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ዲስኩ ስሙ ቢቀየርም እንዳይጠፋ በቋሚ መለያው ይመዝገብ፤ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥርም ከስኩዊድ ቀድሞ ይገናኝ። ፋይሎቹ በዲስኩ ላይ የሚቀመጡበት ማኅደር (ፎልደር) ባለቤትነት ስኩዊድ ለሚሠራበት ተጠቃሚ ይሰጥ፤ ከዚያ ስኩዊድ ንዑስ ማኅደሮቹን እንዲፈጥር ይታዘዝ። ዲስኩን ሙሉ በሙሉ መስጠትም አይገባም። በ64 ቢት ሥርዓት እያንዳንዱ ጊጋባይት ማከማቻ ፋይሎቹ ለሚመዘገቡበት ማውጫ 14 ሜጋባይት ገደማ ራም ይወስዳል፤ 100 ጊጋባይት ማለት 1.4 ጊጋባይት ራም ነው። ብዙዎች የሚዘነጉት ይህንን ነው።

አብዛኛው ድረ ገጽ ዛሬ የተመሰጠረ ስለሆነ፣ ስኩዊድም ይዘቱን ማየት ስለማይችል፣ ከሁለቱም ብዙ አይጠቀምም። ብዙ የሊኑክስ ኮምፒውተሮችን ባልተመሰጠረ መስመር ለሚያዘምን ቢሮ ግን ያለማመንታት የተለየ ዲስክ እመርጣለሁ። የፋይል መጠን ጣሪያው ከተለመደው 4 ሜጋባይት ከፍ ይበል፤ አለዚያ ትልልቆቹ ማሻሻያዎች ዲስኩ ላይ አይቀመጡም።