ናስ ለማጽዳት ምን ልግዛ? ሎሚ፣ ብራሶ ወይስ ማሽን

ባለፈው ወር ድሬ ወርጄ ከፊራ ገበያ ውስጥ ብራሶ የሚባለውን የናስ ማብረቅረቂያ ስፈልግ ባለሱቁ የያዝኩትን አምባር አገላብጦ አየና፣ «አቦ፣ ይሄ እኮ ቆሻሻ ነው፤ መጀመሪያ እጠበው» አለኝ። ዕቃውን ላለመሸጥ የሚከራከር ነጋዴ አይቼ አላውቅም። ደግሞም ልክ ነበር። ሐረር ተመልሼ በሞቀ ውኃና በላርጎ ስፈትገው ግማሹ ጥቁረት ቅባትና የዕጣን ጭስ ሆኖ ተገኘ።

ናስ ማጽዳት አንድ ሥራ ነው፤ ማብረቅረቅ ሌላ። አብዛኞቻችን ለመጀመሪያው ሥራ የሁለተኛውን ዕቃ እንገዛለን። ብሩም ይሄዳል፣ ክንዳችንም ይዝላል። እኔ ጁገል ውስጥ አነስ ያለች የጌጣጌጥ ሱቅ አለችኝ። የናስ አምባር፣ ዶቃ፣ የዕጣን ማጨሻ፣ አልፎ አልፎም የቆየ ሙቀጫ ይገባል፣ ይወጣል። የማወራው በእነዚህ ላይ ስላየሁት ነው።

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ማግኔት ፈልጉ። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ቁራጭ ይበቃል። ዕቃው ላይ ጥብቅ ካለ ውስጡ ብረት ነው፤ ናሱ ከላይ የለበሰው ስስ ሽፋን ብቻ ነው። እሱን በፈተጋችሁት ቁጥር ብረቱ ብቅ ይላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ላርጎና ለስላሳ ጨርቅ፤ አለቀ።

እውነተኛ ናስ ከሆነ ርካሹ መንገድ ሎሚና ጨው ነው። ሎሚው ለሁለት ይቆረጣል፣ ጨው ይነከራል፣ ዕቃው ይታሻል። ትንሽ ቆይቶ ጥቁሩ ግራጫ ውኃ ሆኖ ጣታችሁ ላይ ይወርዳል፣ ከሥሩ ቢጫው ይወጣል። ማየቱ ራሱ ሱስ ያስይዛል። ሥራውን የሚሠራው ሎሚው ውስጥ ያለው ሲትሪክ አሲድ ነው፤ ከጭማቂው 5 ወይም 6 በመቶ ገደማ ይሆናል። ጨዉ ደግሞ ይፈትጋል። ለሁለት ሦስት ዕቃ ከዚህ የተሻለ ነገር መግዛት አያስፈልግም።

ችግሩ ሰው ይሰንፋል። እኔ አንድ ቀን ስድስት አምባር ሎሚ ጭማቂ ውስጥ ዘፍዝፌ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ቢጫ የለም፤ ሁሉም እንደ ሳሎን ቀለም ሮዝ ሆነዋል። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ነው። አሲድ ውስጥ ብዙ ሲቆይ ዚንኩ ይወጣና ፊቱ ላይ መዳቡ ይቀራል። ያንን ሮዝ ለማስለቀቅ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ስለዚህ ሰዓት ያዙ።

ዕቃው ሲበዛ ሎሚ መጭመቅ ቀልድ ነው። ያኔ ሲትሪክ አሲዱን በዱቄት ግዙት። እኔ ለ1 ሊትር የሞቀ ውኃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ እጨምራለሁ፣ ዕቃው የሚገባበት የፕላስቲክ ባልዲ ነው፣ ከ10 ደቂቃ አላሳልፍም። ሎሚ የማይደርስበት የዶቃ ቀዳዳ ሳይቀር ይጸዳል። ሌላው ጥቅሙ የውኃ ነው። ሐረር ላይ ውኃ በፈረቃ መሆኑን ለምታውቁት አልነግራችሁም። አንድ ባልዲ የአርባ አምባር ጥቁረት ካነሳ ትልቅ ነገር ነው። ካወጣችሁ በኋላ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ በገባበት ውኃ አለቅልቁት፣ ወዲያው አድርቁት። እርጥብ ከተተወ ነጠብጣብ ያወጣል። ድሬ ያላችሁ ፀሐዩ ይበቃችኋል፤ እኛ ጨርቅ እንይዛለን።

አቼቶም ይሠራል። ግን ቀርፋፋ ነው፣ ቤቱ ሁሉ ይሸታል። ወጥ ቤታችሁ ውስጥ ካለ ተጠቀሙበት፤ ለዚህ ብላችሁ አትግዙት። በረኪና ግን ከነአካቴው ይቅር። ናሱን ያበላሻል፤ ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል።

እስካሁን ዕቃው ንጹሕ ነው፣ ግን ፈዛዛ ነው። ብራሶ ቦታው እዚህ ነው። ውስጡ በጣም የደቀቀ መፈተጊያ አለ፣ ያ አፍንጫ የሚቆነጥጠው ሽታ ደግሞ አሞኒያ ነው። በአሮጌ የጥጥ ካናቴራ ጠብታ ብቻ አድርጋችሁ እሹት፤ ጨርቁ ይጠቁራል፤ ከዚያ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ወልውሉት። ፊታችሁ እስኪታይበት ድረስ ያበራል። በዚህ ሎሚም ሲትሪክም አይወዳደሩትም። ነገር ግን በእያንዳንዱ ውልወላ ትንሽ ናስ ይዞ ይሄዳል። በየሳምንቱ የሚወለወል ቅርጽ ያለው አምባር ቀስ በቀስ ጥለቱ ይጠፋል። ቅርጹ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅም እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ በጥርስ ብሩሽ ካላወጣችሁት ያስጠላል። የቡና ሙቀጫ ውስጡን በብራሶ አትንኩ። እናቶቻችን በተነፋ አመድ ይፈትጉ ነበር፤ ለሙቀጫ አሁንም እሱን እመርጣለሁ። ይጭራል፣ ግን ሙቀጫ ለመወቀጥ የተፈጠረ ነው፣ ምን ይለዋል።

አሁን ናስ እያሸ ወደሚያጸዳው ማሽን። ብዙ ሰው ቪዲዮ አይቶ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። በብዛት የሚገዙት ጥይት መልሰው የሚሞሉ ሰዎች ናቸው፤ አሜሪካ ውስጥ የተተኮሰ ቀለህ፣ ማለትም የጥይቱን የናስ ቅርፊት፣ አጽድቶ እንደገና መሙላት የተለመደ ነው። ሁለት ዓይነት አለው። አንዱ በደረቁ የሚንቀጠቀጥ ሳህን ሲሆን፣ የተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወይም የለውዝ መሰል ፍሬ ቅርፊት ይሞላበታል። ሌላው የሚሽከረከር በርሜል ነው፤ ውኃ፣ ሳሙናና ደቃቅ የማይዝግ ብረት መርፌዎች ይገቡበታል። መርፌዎቹ የቀለሁን ውስጥ ሳይቀር አዲስ ያደርጉታል። ደረቁ ውስጡን እስከዚህም አያጸዳም፤ ከላይ ግን ያሳምራል።

ለእኛ ምርጫውን የሚወስነው ውኃና መብራት ነው። በርሜሉ ውኃ ይጠጣል፣ ከዚያ ማለቅለቅና ማድረቅ አለ። ደረቁ ውኃ አይነካም፣ ቆረቆንዳውም ሐረርጌ ውስጥ የሚጣል ነገር ነው። አድርቃችሁ ሩዝ እስኪያክል ፍጩት፣ ዱቄቱን ንፉት፣ በቃ። ግን ለሰዓታት ይሠራል። መብራት ከሄደ እሱም ቆመ። በየወሩ በመቶዎች የሚቆጠር ዶቃ የምትሸጡ ከሆናችሁ ደረቁን ግዙ። ከዚያ በታች ለሆነ ሰው ማሽን ጌጥ ነው። ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት በድምፅ ሞገድ የሚያጥብ ዕቃም አለ፤ ቀጭን ሰንሰለት ያጸዳል፣ አያበራም።

ስለ ቀለህ ካነሳሁ አይቀር። አገራችን ውስጥ ቀለህ አቅልጠው ዶቃና ጌጥ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ፤ እኔም የተሠራውን ዶቃ እገዛለሁ። ጥሬ ቀለህ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ ግን አልቀበልም። ኋላው ላይ ያለችው ትንሽ ክብ መቀጣጠያ ካልተመታች ያልፈነዳ ነገር ነው። እሱን ማጠብም ማሞቅም አይሞከርም፤ ለፖሊስ ይነገራል። የተተኮሰውም ቢሆን ጥቀርሻው ውስጥ እርሳስ አለ፤ በደረቅ ማሽን ሲታሽ አቧራው ይነሳል፣ ልጆች ባሉበት ቤት አይሆንም። ጥይት መሙላትማ ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም፤ የጦር መሣሪያና የጥይት ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው የሚገዛው።

ጥይት የሚሞሉት ሰዎች ብራሶን የሚሸሹበት ምክንያት ግን ይገርመኛል። በእንግሊዝ ዘመን ሕንድ ውስጥ ቀለሆች በዝናብ ወቅት ዝም ብለው ይሰነጠቁ ነበር። ከፈረስ ጋጣ የሚወጣው አሞኒያ ነበር ጠላታቸው። አምባር እንደ ቀለህ ግፊት አይሸከምም፣ ብራሶው በደንብ ከተወለወለ አትስጉ።

እንግዲህ ቤታችሁ ላለ አንድ ሁለት ዕቃ ሎሚ። ለሱቅ ሲትሪክ አሲድ፣ መደርደሪያው ላይ ከፊት ለሚቀመጠው ዕቃ ብቻ አንድ ጣሳ ብራሶ። እኔ የምጠቀመው ይሄንኑ ነው።

በጣም የቆየ ዕቃ ከሆነ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። አንዲት ደንበኛዬ ባለፈው ዓመት አንድ አሮጌ ወፍራም አምባር ወደደች። ነገ ልትወስድ ተስማማን። እኔም ደስ ይበላት ብዬ ማታውን በብራሶ አበራሁት። ስትመጣ አየችው፣ አገላበጠችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። «ያልታጠበ ሌላ የለህም?» አለችኝ። አልነበረኝም።