ለውስጥ ደዌ ክፍሏ ሲስተር፣ ከአንድ አስታማሚ

ታላቅ ወንድሜ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የውስጥ ደዌ ክፍል ተኝቶ በታከመባቸው ሳምንታት ለተንከባከበችው ነርስ ምስጋናዬን በአደባባይ ሳላቀርብ ብቀር ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ስሟን እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ ሲስተር እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ሕመሙን እንድገልጽ ግን ወንድሜ ራሱ ፈቅዶልኛል።

የኤችአይቪ መድኃኒቱን ካቋረጠ ከዓመት በላይ እንደሆነው ያወቅነው ዘግይተን ነው። ራስ ምታቱ ሦስት ሳምንት ሲያሰቃየው መጀመሪያ የወሰድነው የግል ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠው፤ ማስታወክ ሲጨመርበትና አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት ሲጀምር ከሂርማታ በባጃጅ ወደ ማዕከሉ አደረስነው።

ሐኪሙ ከጀርባው ፈሳሽ ተወስዶ ይመርመር ሲል እናታችን አሻፈረኝ አለች። በሰፈራችን ከወገቡ ውሃ የተቀዳ ሰው ሽባ ይሆናል የሚባለው ወሬ ሥር የሰደደ ነው። ሲስተር እናታችንን አጠገቧ አስቀምጣ፣ መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰር ካለቀበት በታች መሆኑን በእናታችን በራሷ ወገብ ላይ በጣቷ እየነካች፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በአፋን ኦሮሞ አስረዳቻት። እናታችን ፈቀደች።

ውጤቱ ክሪፕቶኮከስ የሚባል ፈንገስ ያመጣው ማጅራት ገትር ሆነ። ፈንገሱ በአፈርና በእርግብ ኩስ ውስጥ ይገኛል፤ ሰው ከአየር ጋር ይስበዋል፤ ጤነኛ ሰውነት አብዛኛውን ጊዜ ይቋቋመዋል፤ የሲዲ ፎር (በሽታ የሚከላከሉ የደም ሕዋሳት) ቁጥሩ ከ100 በታች በወረደ ሰው ላይ ግን ከሳንባ ተነሥቶ አንጎል ድረስ ሊዘልቅ ይችላል። ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ሲስተር ስትነግረን፣ ልጆቹን ከአልጋው ያራቅን ዘመዶች (እኔም አንዱ ነበርኩ) አንገታችንን ደፋን።

ፈንገሱን የሚመታው አምፎቴሪሲን የተባለው መድኃኒት ኩላሊትን ሊጎዳና የደም ፖታሺየምን ሊያወርድ ስለሚችል፣ ሲስተር አስቀድማ አንድ ሊትር ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውሃ) ከፖታሺየም ጋር ትሰጠው፣ የደም ምርመራው ውጤት እስኪመጣም ላቦራቶሪውን ትወተውት ነበር። መድኃኒቱ ከሳላይን ጋር ከተቀላቀለ ስለሚበላሽ በግሉኮስ ብቻ እንደሚበጠበጥ ለተለማማጆቿ ስታሳይ፣ ጠብታውንም ለሰዓታት እየተመላለሰች ስትቆጣጠር በዓይኔ አይቻለሁ። በአንጎሉ ዙሪያ ያለው ግፊት ከፍ ባለ ቁጥር ከጀርባው ፈሳሽ ይቀነስለት ነበር፤ ከመጀመሪያው በኋላ ራስ ምታቱ በዚያው ቀን ስለቀለለው፣ ያቺው እናታችን «ዛሬስ አይቀዱለትም?» እያለች ሐኪሞቹን መጠየቅ ያዘች።

የኤችአይቪ መድኃኒቱ ለምን ወዲያው አልተጀመረም ብለን ሲስተርን ስንነዘንዛትም፣ ፈንገሱ በደንብ ሳይመታ ቢጀመር በአንጎል ላይ አደገኛ ብግነት ሊያስነሣ ስለሚችል ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መጠበቅ እንዳለበት ሳትሰለች ነገረችን። አሁን ወንድሜ የኤችአይቪ መድኃኒቱን ጀምሯል፤ ፍሉኮናዞል የተባለውን የፈንገስ መድኃኒትም በየቀኑ ይውጣል፤ ወደ ሱቁም ተመልሷል።

መድኃኒት ያቋረጠ ወይም ሲዲ ፎሩ የወረደ ዘመድ ያላችሁ፣ ራስ ምታቱን ሳትጠብቁ የክሪፕቶኮከስ የደም ምርመራ እንዲደረግለት ሐኪሙን ጠይቁ፤ በጥቂት ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ውጤቱ የሚታወቅበት መመርመሪያ አለ። የውስጥ ደዌ ክፍል የምታስታምሙም ሲስተር ማን እንደሆነች ለማወቅ አትቸገሩም፤ ያልገባችሁን ሦስት ጊዜ ብትጠይቋት ሦስት ጊዜ ትመልስላችኋለች።