አረጋውያንን ላገለግል ከፍዬ ሄድኩ፤ ለካ እነርሱም ስለ እኔ ከፍለው ኖሯል

ከተመለስኩ ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው። መዳፌ ላይ ያለው ቁስል ገና አልጠገገም። ቃሌ ቢሻክርባችሁ ይቅር በሉኝ፤ ከበረድኩ በኋላ ግን አፍሬ እንደምተወው ስለማውቅ አሁን ልጻፈው።

ሰውን ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ወደ ውጭ አገር እንልካለን የሚሉትን ቢሮዎች ታውቋቸዋላችሁ። ግድግዳው ላይ የዓለም ካርታ፣ ጠረጴዛው ላይ የአሮጊት እጅ ይዛ የምትስቅ ወጣት ፎቶግራፍ። «እኛ የምንሰጠው ሥራ ሳይሆን የሕይወት ልምድ ነው» ይባላል። ትንሽ ቆይቶ ቦታ የቀረው ለሁለት ሰው ብቻ መሆኑ ይነገራል፤ ቅድመ ክፍያው እስከ ዓርብ ካልገባ ለሌላ ይሰጣል። ይህን ሁሉ አውቀው ነበር። ጓደኛዬ በእንዲህ ያለ ቢሮ ገንዘቡን ሲበላ «እንዴት አንድ ጤነኛ ሰው በዚህ ይታለላል?» ብዬ የሳቅኩት እኔው ነኝ።

የተስማማነው እንዲህ ነበር። ሦስት ወር ባሕር ማዶ በሚገኝ አንድ የገጠር መንደር እቆያለሁ። እስከ እኩለ ቀን በእርሻው አግዛለሁ፤ ከዚያ በኋላ ልጆቻቸው ወደ ከተማ ከፈለሱባቸው አረጋውያን ጋር እውላለሁ፤ አነብላቸዋለሁ፣ አጫውታቸዋለሁ፣ ደጅ አናፍሳቸዋለሁ። ምግብና መኝታ ከተቀባዩ ቤተሰብ፣ መድንና ቪዛ ከቢሮው። ክፍያው የአራት ወር ደመወዜን የሚያህል ነበር።

«በነጻ ለማገልገል ለምን እከፍላለሁ?» ብዬ ጠይቄ ነበር፤ ይህን ያህል እንኳን አእምሮ ነበረኝ። የቢሮው ሠራተኛ አልደነገጠችም። እ.ኤ.አ. በ1971 ሱ ኮፓርድ የተባለች በለንደን በቢሮ ጸሐፊነት የምትሠራ ሴት ጥቂት የከተማ ሰዎችን አስተባብራ ቅዳሜና እሁድን በሰሴክስ እርሻ ላይ እንዲሠሩ እንዳደረገች፣ ያም ዛሬ «ዉፍ» እየተባለ በብዙ አገሮች የተስፋፋው እንቅስቃሴ እንደሆነ ተረከችልኝ። «እርስዎም የዚህ ታሪክ አካል ይሆናሉ» አለችኝ። ታሪኩ እውነት ነው። ነገር ግን የዚያ እንቅስቃሴ መሠረቱ ገበሬው ምግብና መኝታ፣ እንግዳው ጉልበቱን ሰጥተው በመካከላቸው ገንዘብ አለመግባቱ ነው፤ እንግዳው ከኪሱ የሚያወጣው አነስተኛ የአባልነት መዋጮ ብቻ ነው። እኔን ለማሳመን የጠቀሰችው ምሳሌ ራሷን የሚያጋልጥ ነበር። እኔ ግን ጭንቅላቴን እየነቀነቅኩ አዳመጥኳት።

ከዚህ የከፋውን ደግሞ ልናገር። ገና ሳልሄድ የምስጋና አስተያየት ከጻፍኩ ከክፍያው ላይ ትንሽ እንደሚቀነስልኝ ነገሩኝ። ጻፍኩ። ረግጬው ስለማላውቀው መንደር ንጹሕ አየር፣ አይቻቸው ስለማላውቃቸው አዛውንቶች ደግነት ሁለት አንቀጽ ጽፌ፣ አምስት ኮከብ ሰጥቼ፣ የምስቅበትን ፎቶግራፍ ጨመርኩበት። ስለ ውሸት የማወራው ይህን አድርጌ ነው፤ እወቁልኝ።

ሙሉው ክፍያ ከገባ ማግስት ጀምሮ «እርስዎ» ቀርቶ «አንተ» ሆንኩ። ለጉዞዬ ሁለት ቀን ሲቀረው ስለ ቪዛው ስጠይቅ «ኢሚግሬሽን ላይ ቱሪስት ነኝ በል፤ ስለ እርሻ እንዳታነሣ» የሚል አጭር መልእክት መጣልኝ። እርሱንም ዋጥኩት።

ስለ እርሻው ብዙ አልልም። ጎህ ሳይቀድ በረት መጥረግ፣ ላም ማለብ፣ ፍግ መጫን፣ ከዚያ አረም። በየእርሻው የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች በቀን ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት መሥራታቸው የተለመደ ነው፤ እኔ አሥር ሰዓት እሠራ ነበር። ወገቤ ተቆረጠ እንጂ ልቤ አልተቆረጠም። እርሻ ነው፣ ይከብዳል ብዬ ተቀበልኩት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ አዛውንቶቹ ቤት ወሰዱኝ። ባልና ሚስት ናቸው። ባልየው በስትሮክ ግራ ጎናቸው አይንቀሳቀስም። ትንሽ እንግሊዝኛ የምትሞክር የልጅ ልጃቸው ታስተረጉም ነበር። የሚነበብ መጽሐፍ ይዤ ሄጃለሁ፤ አስቡት። ሚስትየው አልጋውን፣ ቀጥሎ ተሽከርካሪ ወንበሩን፣ ቀጥሎም መታጠቢያ ቤቱን በጣታቸው አሳዩኝና ልጅቷን ይዘው ከክፍሉ ወጡ። በሩንም ዘጉልኝ። ባለሙያውን ሥራውን እንዲሠራ መተዋቸው እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው። እኔ ደግሞ «ይህን ያህል አምነውኛል» ብዬ ኮራሁ።

ሰውየውን በሁለት ብብታቸው ይዤ ወደ ላይ ጎተትኳቸው። ይህ ፈጽሞ የማይደረግ ነገር መሆኑን፣ በተለይ ስትሮክ ያገኘው ሰው ትከሻ በቀላሉ እንደሚጎዳ አሁን አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን ማን ነግሮኝ። አቃሰቱ። የወንበሩን ፍሬን አልያዝኩም ነበርና ወንበሩ ወደ ኋላ ሸሸ። ክብደታቸው ድንገት ሙሉ በሙሉ እኔ ላይ መጣ፤ ጉልበቴ ታጠፈ፤ ተያይዘን ወለሉ ላይ ወደቅን። እኔ ከሥር ስለነበርኩ እርሳቸው ተረፉ። መዳፌን የወንበሩ ብረት ቀደደው። ሰውየው ደረቴ ላይ ተኝተው ጣሪያውን እያዩ ምንም አላሉም። ያ ዝምታ ከጆሮዬ አልወጣም።

ሚስትየው ሮጠው ገቡ። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር፤ አልጮሁም። ባላቸውን አብረን አንሥተን ካስተኛን በኋላ መሳቢያ ከፍተው አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ወረቀቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ወረቀቱን አዩ። ከዚያ ወደ እኔ አዞሩት። ለቪዛ ብዬ ለቢሮው የሰጠሁት ጉርድ ፎቶግራፌ ነው። ከሥሩ ስሜ አለ። ከስሜ ሥር «የሠለጠነ የአረጋውያን ተንከባካቢ፣ የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ» ይላል። ማኅተም አለበት። ከጀርባው የሦስት ወር ክፍያ ደረሰኝ ተያይዟል፤ የከፈሉት እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው።

ልጅቷ የአያቷን ጥያቄ እየተንተባተበች ተረጎመችልኝ፦ «ከእኛ ከወሰዱት ላይ ለአንተ ይሰጡሃል ወይ?»

እኔም ከፍዬ እንደመጣሁ ነገርኳት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ፤ ቋንቋው የተሳሳተባት መስሏት ነበር።

ማታ ደወልኩ። ያችው ስለ ሱ ኮፓርድ የተረከችልኝ ሴት አነሣች። ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ደረሰኙ፣ ስለ አወዳደቃችን ነገርኳት። ስናገር ኮምፒውተሯን ስትጽፍበት ይሰማኛል። ስጨርስ «ሰውየው ተጎዱ?» አላለችም። «አንተ በጎ ፈቃደኛ አይደለህም እንዴ? በጎ ፈቃደኛ ስለ ገንዘብ አይጠይቅም» አለችኝ። ለፖሊስ አመለክታለሁ አልኳት። ሳቀች፤ እውነቴን ነው፣ ከልቧ ሳቀች። «ምን ብለህ? ቱሪስት ነኝ ብለህ አይደል የገባኸው?»

ያኔ ነው «ቱሪስት ነኝ በል» የሚለው ምክር ለምን እንደተሰጠኝ የገባኝ። እኔ ስንፍና መስሎኝ ነበር፤ አፌን የሚዘጉበት መሣሪያ ኖሯል። ከተመለስኩ ወዲህ ሳነብ ኒውዚላንድን የመሰለ አገር ለምግብና ለመኝታ ተብሎ የሚሠራን ሥራ እንኳን ሥራ ነው ብሎ ፈቃድ ይጠይቅበታል። ብሪታንያ በጎብኚነት የገባ ሰው በበጎ ፈቃድ እንዲያገለግል የምትፈቅደው ከ30 ቀን ላልበለጠ ጊዜ፣ ያውም ለተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። እኔ የሄድኩበት አገር ሌላ ነው፤ ሕጉን ግን ከመሄዴ በፊት አንድም ቀን ፈልጌ አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ቆየሁ፤ ጎረቤት መንደር ያለች ነርስ እስክትገኝላቸው ድረስ ውኃ እየቀዳሁ፣ ልብስ እያጠብኩ። አዛውንቷ በየቀኑ አበሉኝ። ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። የመመለሻ ትኬቴን ቀን በራሴ ገንዘብ አስለውጬ መጣሁ። ቢሮው ገንዘቤን አልመለሰም፤ «አገልግሎቱን ያቋረጥከው አንተ ነህ» የሚል አንቀጽ ውሉ ላይ አለ። ፈርሜበታለሁ።

ለመሄድ ለምታስቡ የምለው ጥቂት ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ከተቀባዩ ቤተሰብ ጋር በቀጥታ ተነጋገሩና ስለ እናንተ ምን ዓይነት ወረቀት እንደደረሳቸው ጠይቁ። ያልሠለጠናችሁ ከሆነ የማይንቀሳቀስ ሰው አታንሡ፣ ማንም ቢያዝዛችሁ። ከፈቃደኞች ገንዘብ የማይጠይቁም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም አመልካቾችን አያስከፍልም። ሶሊዳሪቲ ኮር የተባለው የአውሮፓ ኅብረት መርሐ ግብር ከ18 እስከ 30 ዓመት ለሆኑ ወጣቶች መኝታ፣ መድንና የኪስ ገንዘብ ይሸፍናል፤ በሩ ለሁሉም አገር ሰው እኩል ክፍት ባይሆንም።

አስተያየቴን እንዲያነሡልኝ ሁለት ጊዜ ጻፍኩላቸው። ዛሬ ጠዋት አየሁት፤ አሁንም ከሁሉም በላይ እርሱ ነው የተቀመጠው። አምስት ኮከብ፣ ንጹሕ አየር፣ ደግ አዛውንቶች። ፎቶግራፉ ላይ የሚስቀው ሰው እኔ ነኝ፤ አትመኑት።