ከቁጥሩ በፊት እኔን የጠየቀችኝ ሲስተር

ይህን ለመጻፍ ሁለት ወር አመነታሁ። ስኳር እንዳለብኝ የሚያውቁት ቤተሰቦቼ ብቻ ነበሩ። ዛሬ ግን ምስጋናዬን በአደባባይ ላድርስ።

ስኳር ከተገኘብኝ 9 ዓመት ሆነኝ፤ ኢንሱሊን ከጀመርኩ 3። መርፌው ይለመዳል። የማይለመደው ሐሳቡ ነው። እንጀራ በቆረስኩ ቁጥር ሒሳብ ነው። ሠርግ ወይ ማኅበር ስሄድ "ትንሽ ብትቀምሺ ምን አለበት" የሚለኝም፣ "ኧረ ተይ፣ ስኳር አለብሽ" የሚለኝም እኩል ያደክሙኛል። ማታ ደግሞ ስኳሬ ወርዶ ሳልነቃ ብቀርስ እያልኩ ስንቱን ሌሊት ዓይኔን ሳልከድን አነጋሁት። አንድ ቀን ውጤቴን ያዩ ሐኪም "ምን እየበላሽ ነው?" ብለው ሰው ፊት ተቆጡኝ። ቤት ገብቼ መለኪያዬን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አምስት ወር አልለካሁም።

እህቴ ናት ጎትታ አዲሱ ገበያ አካባቢ ወዳለ ጤና ጣቢያ የወሰደችኝ። የስኳር ክትትል ክፍል ያለችው ሲስተር ደብተሬን ገለጠች። ባዶ ነው። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ተሸማቀቅኩ። ደብተሩን ዘጋችና "የኔ እናት፣ ምን ከበደሽ?" አለችኝ። አለቀስኩ። ደጅ ወረፋ እያለ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

ከዚያ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ስለ ፍርሃቴ፣ ስበላ ስለሚሰማኝ ጸጸት፣ ብቻዬን የቀረሁ ስለሚመስለኝ ነገር። በ1995 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለስኳር ሕሙማን የተዘጋጀ 20 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ መሆኑን የነገረችኝ በኋላ ነው። ስንፍና መስሎኝ የኖርኩት ድካም የታወቀ ነገር ነው ለካ! ጭንቀት ራሱ ስኳር እንደሚጨምርም አስረዳችኝ። ሰው ሲጨነቅ ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ምንም ሳልቀምስ 240 ያየሁባቸው ጠዋቶች ሁሉ የሆዴ ጥፋት አልነበሩም።

ለሌሊቱ ፍርሃቴም መላ አበጀችለት። መለኪያው፣ ስኳርና ውሃው ራስጌዬ ይደር። ከ70 በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥብጬ ልጠጣ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ልለካ። ይህንኑ ለትልቋ ልጄም አሳየቻት። ባለቤቴን አስጠርታ "'ስንት ሆነ?' ከማለትዎ በፊት 'እንዴት አደርሽ?' ይበሏት" አለችው። አማቴ መርፌውን ትቼ ጸበል እንድገባ ሲወተውቱኝ ነበር። ሲስተር እምነቴን አልነካችም። "ጸበሉን ጠጪ፣ መርፌውን ግን እንዳታቋርጪ" አለች። አማቴም ተቀበሏት።

የሦስት ወር አማካይ ስኳሬን የሚያሳየው የደም ምርመራ (HbA1c) ከ10.4 በመቶ ወደ 8.2 በመቶ ወርዷል። ገና ይቀረኛል። እንቅልፌ ግን ተመልሷል።

ሲስተርዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ።

እንደ እኔ መለኪያችሁን የደበቃችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጤና ጣቢያውን እነግራችኋለሁ። ፈቃዷን ጠይቄያለሁ። የክትትሉ ቀን ማክሰኞና ሐሙስ ነው። ወረፋ ስለሚበዛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ደብተራችሁ ባዶ ቢሆንም ይዛችሁት ሂዱ።