የተመድን የዲጂታል መለኪያ ከኮፒ ቤቴ ሆኜ አነበብኩት

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለችኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ በሩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር። ድሮ ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍና ኮፒ ማንሳት ነበር። አሁን ግማሽ ቀኔ የሚያልፈው ለሰው ኦንላይን ፎርም ስሞላ ነው። የፓስፖርት ማመልከቻ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የቴሌብር ክፍያ፣ ምኑ ቅጡ። ስለዚህ አገሮች በዲጂታል ምን ያህል እንደተራመዱ የሚለካ ሪፖርት ሲወጣ የእኔም ጉዳይ ነው ብዬ አነባለሁ።

የተባበሩት መንግሥታት በየሁለት ዓመቱ የኤሌክትሮኒክ መንግሥት ዳሰሳ ያወጣል። ያነበብኩት በፈረንጆች የ2024ቱን ነው። በነፃ ይወርዳል። በአማርኛ ስለሌለ ማታ ማታ ሱቅ ዘግቼ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ ነው የገፋሁት።

አሠራሩ ለመረዳት አይከብድም፤ ይህን ወድጄለታለሁ። 193 አባል አገሮችን ከ0 እስከ 1 ባለው ነጥብ ይመዝናል። ነጥቡ የሦስት ነገሮች አማካይ ነው። አንደኛው መንግሥት ኦንላይን የሚሰጠው አገልግሎት፣ ሁለተኛው የቴሌኮም መሠረተ ልማት፣ ሦስተኛው የሰው ኃይል፣ ማለትም ትምህርት። በዚህኛው ዙር ዴንማርክ በ0.9847 አንደኛ ናት። የዓለም አማካይ 0.6382፣ የአፍሪካ 0.4247 ነው። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ፣ ምን ከምን ጋር እንደተደመረ በግልጽ ያስቀምጣል። ደረጃ የሚወጣው አገሮችን እርስ በርስ በማነጻጸር መሆኑንም አይደብቅም። አንድ አገር ራሱ እየተሻሻለ፣ ሌሎቹ ከቀደሙት ደረጃው ሊወርድ ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው ሰንጠረዡን ብቻ አይቶ በከንቱ ይናደዳል፣ ወይም በከንቱ ይደሰታል።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ቴሌኮሙ ላይ ነው። ከሚቆጠሩት አንዱ ለ100 ሰው ስንት የሞባይል መስመር እንዳለ ነው። እኔ ሁለት ሲም አለኝ፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው እንዲያገለግለኝ። በዚህ ስሌት ሁለት መስመር ሆኜ እቆጠራለሁ።

ባለፈው ወር ደግሞ ከጃቢ ጠህናን ገጠር አንድ አባት መጡ። አንድ አገልግሎት በኦንላይን እንዲጨርሱ ተነግሯቸዋል። ፎርሙን ሞላሁ። የማረጋገጫ ኮድ በስልክ ይላካል አለ።

"አባቴ፣ ኮድ ገባልዎት?"

"የምን ኮድ፣ ልጄ?"

ለካ የተመዘገበው ስልክ የልጃቸው ነው። ልጁ ባሕር ዳር የቀን ሥራ ላይ ነው። ደወልንለት። ሲያነሳ ኮዱ ጊዜው አልፎበታል። እንደገና ላክን። አሁን ደግሞ መብራት ሄደ። ለሦስተኛ ጊዜ ስንሞክር "ቆይተው ይሞክሩ" የሚል መጣ። አባት ጋቢያቸውን አስተካክለው ቁጭ ብለው ጠበቁ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መኪና እንዳያመልጣቸው ተነሱ። ፊታቸው ላይ የነበረው ድካም እስከ ማታ አልለቀቀኝም።

በመለኪያው ዓይን ያ አገልግሎት አለ። ስልክም አለ። ኔትወርክም አለ። ሁሉም ላይ ምልክት ይደረጋል። ሰውየው ግን አልጨረሱም።

በ2024 ግን አንድ ጥሩ ነገር ጨምረዋል፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ ግፍ ነው። ከሰው ኃይል መለኪያዎቹ አንዱ አሁን የኤሌክትሮኒክ መንግሥት አጠቃቀም ዕውቀት ሆኗል። ማንበብና መጻፍ መቻል ብቻውን እንደማይበቃ ገብቷቸዋል ማለት ነው። የኢንተርኔት ዋጋ ከገቢ ጋር ሲታይ አቅምን ያገናዘበ መሆኑንም ማየት ጀምረዋል። ሁለቱም ወደ እኔ አግዳሚ ወንበር የቀረቡ ጥያቄዎች ናቸው።

ያልተጠየቀው ግን መቆራረጡ ነው። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። ያኔ ተማሪ ውጤቱን ለማየት ዘመድ ፍለጋ አዲስ አበባ ይደውል ነበር። የአገር አማካይ ግን አገርን ሁሉ ባንድ ይደምራል። ጎጃም ጨለማ ውስጥ ስትሆን ቁጥሩ ላይ ብቻዋን አትታይም። ከተሞችን የሚለካ ክፍል አለው ብዬ ተስፋ አድርጌ ገለጥኩት። እሱም ከየአገሩ የሚያየው ሕዝቧ የበዛውን አንዲት ከተማ ነው። ለእኛ አዲስ አበባ መሆኗ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬ፣ ሞጣ፣ ደጀን የሉበትም።

ሌሎችም መለኪያዎች አሉ። የዓለም ባንክ 198 ኢኮኖሚዎችን የሚያይ አለው፤ እሱ ይበልጥ የሚመለከተው የመንግሥትን የውስጥ ሥርዓት ነው። የዓለም ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደግሞ ኢንተርኔቱን ራሱን ይለካል። ለእኔ ሥራ የቀረበው ግን ይኸው የተመዱ ነው።

ከ10 6 እሰጠዋለሁ። ዲጂታል ላይ ለሚሠሩ የወረዳና የዞን ባለሙያዎች አንብቡት እላለሁ፤ በተለይ ነጥቡ እንዴት እንደሚሰላ የሚያብራራውን የመጨረሻውን ክፍል። አንብባችሁ ስትጨርሱ ግን ሰንጠረዡ ላይ አትቁሙ፤ ወደ ኮፒ ቤቶች ኑና አንድ ቀን ቁጭ በሉ።

እኔ ካነበብኩት ወዲህ ደብተር ይዣለሁ። ሦስት ረድፍ አለው። ብቻውን የጨረሰ፣ በእኔ እጅ የጨረሰ፣ ሳይጨርስ የሄደ። ባለፈው ቅዳሜ 23 ሰው መጣ። ብቻቸውን የጨረሱት 4 ናቸው፤ አራቱም ተማሪዎች። 6 ሰው ሳይጨርስ ሄደ።

እኒያ አባት ሐሙስ ተመልሰው መጡ። ልጃቸው ቅዳሜና እሑድን አገር ቤት ገብቶ ነበርና በስማቸው ሲም አውጥቶላቸው ሄዷል። ስልኩን ከኪሳቸው አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ኮዱ ገባ። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበብኩላቸው፣ እሳቸውም እየደገሙ አስገባናቸው። አለቀ። ሲወጡ ደብተሬን አወጣሁና ያቺን ጭረት ከሦስተኛው ረድፍ ሰርዤ ሁለተኛው ላይ ጻፍኳት።