ኮልድ ኤር ኢንቴክ ለቶዮታ 86፦ ባሕር ዳር ላይ አንድ በጋና አንድ ክረምት ከተነዳበት በኋላ

ኮልድ ኤር ኢንቴክ የፋብሪካውን የአየር ፊልትሮ ሳጥንና ቱቦ ተክቶ ለሞተሩ ቀዝቃዛ አየር እንዲያስገባ የሚገጠም ዕቃ ነው። ውጤቱን አስቀድሞ መናገር ይሻላል። ለፈረስ ጉልበት ብሎ የሚገዛው ሰው ያዝናል፤ ለድምፁ ብሎ የሚገዛው አይቆጭም። ሞተሩ ዕድሜ እንዲኖረው የሚፈልግ ደግሞ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ትቶ ፊልትሮው የተቀመጠበትን ሳጥንና የሳጥኑን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) አይቶ ይግዛ። የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም ከታገደ ወዲህ እጅ ላይ ያለ የስፖርት መኪና ሞተር በዋዛ የሚተካ ዕቃ አይደለም። አቧራ የሚያስገባ ኢንቴክ ሞተር የሚጨርሰው ቀስ ብሎ ነው፤ የሚታወቀውም መኪናው ዘይት መብላት ከጀመረ በኋላ ነው።

መኪናው የመጀመሪያው ትውልድ ቶዮታ 86 ነው፤ ኤፍኤ 20 ቦክሰር ሞተር (ሲሊንደሮቹ በግራና በቀኝ የተጋደሙ)፣ 1,998 ሲሲ፣ ኮምፕሬሽን 12.5 ለ 1። የተገጠመለት ኪት ዝግ ሳጥን፣ ዘይት የማይቀባ ደረቅ የኮን ፊልትሮ፣ የፕላስቲክ ቱቦና የሲሊኮን ማኒኮቶ (ቱቦዎቹን የሚያገናኝ ለስላሳ ቱቦ) አለው። ከመስከረም ጀምሮ በጋውን ሙሉ፣ ከዚያም ሐምሌና ነሐሴን ተነድቶበታል፦ የከተማው ኮብልስቶን፣ የሐሙሲትና የወረታ አስፋልት እስከ ጎንደር፣ ወደ ሐይቁ ዳር መንደሮች የሚያስገባው ጠጠር፣ አልፎ አልፎም በዓባይ በረሃ በኩል አዲስ አበባ።

ጣና ከባሕር ጠለል ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚህ የአየር ግፊቱ 81 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፤ በባሕር ጠለል 101 ነበር። ስለዚህ ፋብሪካው በደቂቃ 7,000 ዙር 200 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ምንም ሳይበላሽ ባሕር ዳር ላይ ወደ 160 ገደማ ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያለውን አየር ነውና ይህን ጉድለት የትኛውም ኢንቴክ አይሞላውም። ኢንቴክ የሚችለው ፊልትሮውና ቱቦው ላይ የሚባክነውን ግፊት መቀነስ ብቻ ነው።

የሚባክነው ስንት እንደሆነ ለማወቅ ዳይኖ (የሞተር ጉልበት መለኪያ ማሽን) ፍለጋ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። ግንበኞች ለውኃ ልክ የሚጠቀሙበትን ጥርት ያለ ቀጭን ላስቲክ በዩ ቅርጽ አጥፉና እያንዳንዱ ክንድ ቢያንስ 50 ሳንቲሜትር እንዲሆን አድርጋችሁ አንድ እንጨት ላይ እሰሩት፤ ግማሹን ድረስ ውኃ ሙሉት። አንዱን ጫፍ ከፊልትሮው በኋላ ቱቦው ላይ ካለች ትንሽ ቀዳዳ ጋር አገናኙ፤ ሌላው ክፍት ይቆይ። ከከተማ ወጣ ብሎ ቀጥ ባለ ነጻ መንገድ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ነዳጁ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ጎን የተቀመጠ ሰው የሁለቱን ክንዶች ልዩነት ያንብብ። 10 ሳንቲሜትር ማለት 1 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። በዚህ መኪና ላይ ኪቱ ከፋብሪካው ሳጥን ጋር ሲነጻጸር ያተረፈው ይህንኑ ያህል ነው፤ ከ81 ላይ 1 ማለት ከ160 የፈረስ ጉልበት ላይ ሁለት ማለት ነው። መቀመጫ ላይ የሚሰማ ነገር አይደለም። የቆሸሸ የወረቀት ፊልትሮ በአዲስ መቀየር ብቻውን ይህን ያህል ሊመልስ ይችላል።

ከግፊቱ ይልቅ ሙቀቱ ይከብዳል። የሚገባው አየር በ3 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ሞተሩ 1 በመቶ ያህል ኃይል ያጣል። ኮፈን ሥር ያለ መከለያ የተንጠለጠለ ክፍት ኮን ፊልትሮ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ከባጃጅ ኋላ ሲጎተት የሚስበው ራዲያተሩ የተፋውን አየር ነው። ውጭው 30 ዲግሪ ሆኖ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበው ስካነር 60 ቢያሳይ አይገርምም። ያ ወደ 9 በመቶ ኪሳራ ነው፤ ኪቱ የሰጠውን ብዙ እጥፍ አድርጎ ይወስደዋል። ዝግ ሳጥኑም ቆሞ ሲውል መሞቁ አይቀርም፤ ልዩነቱ መኪናው ሲንቀሳቀስ ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድ ሁለት ደቂቃ እንደሄደ ከውጭው ሙቀት በላይ 4 ወይም 5 ዲግሪ ላይ ይረጋል። ክፍት ኮን ግን ኮፈን ሥር ያለው አየር እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል። ይህ ጎልቶ የሚወጣው ዓባይ በረሃ ላይ ነው። ከድልድዩ ተነስቶ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ ሙቀቱም ዳገቱም አንድ ላይ ይመጣሉ፤ ግፊቱ ደግሞ ከ89 ወደ 75 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል።

በነገራችን ላይ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ቱቦ ይሞቃል ብሎ በሙቀት መከላከያ ጨርቅ መጠቅለል ልፋት ነው። በ7,000 ዙር ሞተሩ በሰከንድ 116 ሊትር አየር ይስባል፤ 70 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቱቦ ውስጥ ይህ በሰከንድ 30 ሜትር ፍጥነት ነው። ግማሽ ሜትር ቱቦ ለማለፍ ከሁለት መቶኛ ሰከንድ በታች ይበቃዋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አየሩ ከቱቦው ግድግዳ የሚወስደው ሙቀት እዚህ ግባ አይባልም። ወሳኙ አየሩ ከየት ተሳበ የሚለው ነው።

አሁን ወደ ኤምኤኤፍ ሴንሰሩ። 86 የሚገባውን አየር የሚለካው ቱቦው ላይ በተሰካ የጋለ ሽቦ ነው። ሽቦው የሚያውቀው እሱ ጋ የሚያልፈውን አየር ብቻ ነው፤ የቀረውን ኮምፒውተሩ የፋብሪካውን ቱቦ ስፋት ታሳቢ አድርጎ ያሰላል። ሴንሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ ከ70 ወደ 76 ሚሊ ሜትር ከሰፋ አየሩ የሚያልፍበት የቱቦው አፍ የቆዳ ስፋት በ18 በመቶ ያድጋል፤ ያው አየር ረጋ ብሎ ስለሚያልፍ ሴንሰሩ ወደ 15 በመቶ አሳንሶ ያነባል። ኮምፒውተሩ በዚያው ልክ ነዳጅ ይቀንሳል፤ ሞተሩ ሲደርቅ (ለአየሩ ነዳጅ ሲያንሰው) ኦክስጅን ሴንሰሩ አይቶ ማካካስ ይጀምራል። ነዳጁ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ግን ይህ ማካካሻ እንደ ልብ አይሠራም፤ በ12.5 ኮምፕሬሽን ላይ ደርቆ የሚቃጠል ሞተር ማንኳኳት ይጀምራል። ስለዚህ የሴንሰሩ መቀመጫ በውስጥ ዲያሜትርም ከፊልትሮው ባለው ርቀትም ከፋብሪካው ጋር እኩል ያልሆነ ኪት፣ የኮምፒውተሩን የነዳጅ ካርታ እንደገና የሚጽፍለት ባለሙያ ከሌለ፣ አይገዛ። ከመግጠም በፊት በካሊፐር ይለካ። ከተገጠመ በኋላ በስልክ ከሚሠራ ርካሽ ኦቢዲ ስካነር ላይ የረጅም ጊዜ ፊውል ትሪሙን (ኮምፒውተሩ ነዳጅ የጨመረበትን ወይም የቀነሰበትን መቶኛ) ተመልከቱ። ከመግጠሙ በፊት የነበረውን ጽፎ መያዝ ያስፈልጋል። ከጥቂት ቀን መንዳት በኋላ ከቀድሞው በ5 ነጥብ ውስጥ ከቆየ ደህና ነው፤ ከ+10 በላይ ከወጣና ካልወረደ ወይ ቱቦው ሰፍቷል፣ ወይ ከሴንሰሩ በኋላ ያልተለካ አየር ይገባል። ፒ 0171 የሚለው (ነዳጅ አንሷል የሚል) የስህተት ኮድ የዚሁ መጨረሻ ነው።

አቧራ። የባሕር ዳር በጋ ረጅም ነው፤ ጠጠር መንገድ ላይ ከአይሱዙ ኋላ መሄድ ለፊልትሮ ከባዱ ፈተና ነው። ዘይት የሚቀባው የጥጥ ፊልትሮ አየር በደንብ ያሳልፋል፣ ታጥቦም ለዓመታት ያገለግላል፤ ለዚህ አገር ግን ደረቁን እመርጣለሁ። ፊልትሮዎች በአይኤስኦ 5011 የፍተሻ ዘዴ ሲወዳደሩ 99.5 እና 98 በመቶ የሚሉ ቁጥሮች ቢቀርቡ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ የሚያልፈውን ስታሰሉት ግን 0.5 እና 2 ነው፣ አራት እጥፍ አቧራ። በዚያ ላይ ዘይት ሲበዛበት ተነስቶ የኤምኤኤፉን ሽቦ ይለብጠዋል።

ያም ሆኖ የኪቱ እውነተኛ ችግር ፊልትሮው አልነበረም፤ መጋጠሚያዎቹ ናቸው። ፊልትሮው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ከሴንሰሩ በፊት ያለው የቱቦ ውስጥ በነጭ ጨርቅ ሲጠረግ ቀይ ቡናማ አቧራ ይዞ ወጣ። ሲመረመር አየሩ የሾለከው ፊልትሮው ከቱቦው ጋር በሚገናኝበት አንገት ላይ ነበር፤ ፋሸታው (ማጥበቂያ ቀለበቱ) ጠብቋል፣ የፊልትሮው ጎማ ግን ቱቦው ላይ ያለችውን የተጠማዘዘች ጠርዝ አላለፈም። ከውጭ አይታይም። በሌላ በኩል የክዳኑ ጓርኒሲዮን አንድ ማዕዘን ላይ ክፍት ነበር፤ እሱ አቧራ ባያሳልፍም ትኩስ አየር ያስገባል። ለክዳኑ መመርመሪያው ጠመኔ ነው፦ የሳጥኑን ከንፈር ዙሪያውን በጠመኔ ቀቡ፣ ክዳኑን ግጠሙና መልሳችሁ ክፈቱ፤ ጓርኒሲዮኑ ላይ ነጩ መስመር የተቋረጠበት ቦታ የሚሾልክበት ነው። እዚያ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ውኃ የማይመጥ የስፖንጅ ጓርኒሲዮን ተለጥፎ ተስተካክሏል። መጋጠሚያው ማዕዘን ላይ እንዳይውል፣ ጫፎቹም ሰያፍ ተቆርጠው ይደራረቡ።

ክረምቱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ፊልትሮውን ፓራውልት ውስጥ ዝቅ አድርገው የሚያስቀምጡ ኪቶች እዚህ ከተማ መሸጥ አልነበረባቸውም። በወረቀት ላይ ከሁሉም ቀዝቃዛ አየር የሚያገኙት እነሱ ናቸው። ባሕር ዳር ግን ሜዳ ነው፤ ሐምሌ ላይ ዝናቡ አንድ ሰዓት ከዘለቀ አንዳንድ መንገድ ላይ ውኃ ይቆማል፣ 86 ደግሞ ከመሬት ያለው ከፍታ 13 ሳንቲሜትር ያህል ነው። የዚህ ሞተር አንዱ ሲሊንደር ውስጥ ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ የሚቀረው ባዶ ቦታ 43 ሲሲ ብቻ ነው፤ አንድ ሲኒ ቡና እንኳ አይሞላም። ከዚያ በላይ ውኃ ከገባ ውኃ አይጨመቅምና የሚታጠፈው ቢየላው (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ነው። ውኃ የማይገባው የፊልትሮ ልባስ ርጭትን ይከላከላል፤ የተጠለቀ ፊልትሮን አያድንም። ሞተሩ ውኃ ውስጥ ከጠፋ ደግሞ ቁልፍ አትሞክሩ፤ ካንዴላዎቹ ወጥተው ሞተሩ በእጅ መዞር አለበት። ቦክሰር ስለሆነ ካንዴላ ማውጣቱ በጎን በኩል ጠባብ ሥራ ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል።

አገጣጠሙ ከባድ አይደለም፤ ባለ 10 ቁልፍ፣ የኮከብ ካቻቪቴና ሁለት ሰዓት ይበቃል። የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። ኤምኤኤፉ በሁለት ትንንሽ ቪቴ ነው የተያዘው፤ ሲወጣ ሽቦውን በጣት አትንኩ፣ በኮምፕረሰርም አትንፉ። መጽዳት ካለበት ለእሱ በተሠራ ስፕሬይ ብቻ፣ ከዚያ ደርቆ ይገባ፤ የፍሬን ማጽጃ ያበላሸዋል። ሲመለስ የአየር መሄጃ ቀስቱን አቅጣጫ አረጋግጡ። 86 የሞተሩን ድምፅ ወደ ጋቢና የሚያስገባ ቱቦ ከኢንቴኩ ይወጣለታል፤ ኪቱ መገናኛ ከሌለው በተካው ቱቦ ላይም በጋቢናው በኩልም ያለው ቀዳዳ በጎማ ክዳን በደንብ መዘጋት አለበት። የሞተሩ መተንፈሻ ቀጭን ቱቦም ከሴንሰሩ በኋላ መግባቱን እዩ። የማኒኮቶ ፋሸታዎችን ሲሊኮኑ ጎልቶ እስኪወጣ አታጥብቁ፤ ይቆርጡታል። ሁሉንም አስቀምጦ ቀስ እያሉ ማጥበቅ፣ መጨረሻ ላይ ኮፈኑ ሲዘጋ ሳጥኑን አለመንካቱን ማየት። ኮብልስቶን ቡሎን ያላላል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሳጥኑ ማሰሪያ ዳዶ ግማሽ ዙር ያህል ላልቶ ተገኝቷል። ከሮንዴላ ጋር ሰማያዊ የቡሎን ማጣበቂያ ጠብታ ከተደረገበት በኋላ አልተነቃነቀም።

ጽዳት ላይ ጠላቱ ላቫጆ ነው። ልጆቹ ደግ ናቸው፣ ፊልትሮውን ሳይጠየቁ አውጥተው በኮምፕረሰር ከውጭ ወደ ውስጥ ይነፉታል፤ አቧራውን እጥፋቱ ውስጥ ይቀብሩታል፣ ግፊቱም ቃጫውን ይበጥሳል። ደረቅ ፊልትሮ በእጅ መታ መታ ተደርጎ ይራገፋል፣ በጣም ከቆሸሸ ለስላሳ ሳሙና ባለው ለብ ያለ ውኃ ይዘፈዘፋል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ በዝቅተኛ የቧንቧ ውኃ ይታጠባል፣ ጥላ ላይ አንድ ቀን ሙሉ ይደርቃል። እርጥቡን መግጠም አይቻልም፤ ስለዚህ ትርፍ ፊልትሮ መያዝ ወይም የፋብሪካውን ሳጥን ለዚያ ቀን መመለስ ነው። በበጋ ጠጠር ላይ ለሚነዳ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ማየት፣ አስፋልት ላይ ብቻ ለሚውል የዘይት ቅያሪን ጠብቆ ማየት ይበቃል። ሐይቁ ዳር በምሽት ለሚነዳ ትንኝ እጥፋቱ ውስጥ ይጣበቃል፤ በለስላሳ ብሩሽ ይወጣል።

ነዳጅ ፍጆታ ላይ የሚታይ ለውጥ የለም። በ3,000 እና በ4,500 ዙር መሐል ያለው የታወቀው የ86 መድከምም እንዳለ ነው፤ እሱን የሚያስተካክለው የጭስ ማውጫው ሄደርና የኮምፒውተር ካርታ እንጂ ኢንቴክ አይደለም። ድምፁ ግን ከ4,000 ዙር በላይ በደንብ ይለወጣል፤ ቤዛዊት ዳገት ላይ መስኮት ከፍቶ መውጣት ደስ ይላል፣ ረጅም መንገድ ላይ ደግሞ አያሰለችም።

ዝግ ሳጥን ያለው ኪት ውጭ አገር ከ300 እስከ 450 ዶላር ነው፤ ማስመጫውና ቀረጡ በዚያ ላይ ይጨመራል። ያን ገንዘብ ለማውጣት የሚያመነታ ሰው በፋብሪካው ሳጥን ውስጥ የሚገባ ጥሩ ደረቅ ፊልትሮ ገዝቶ የሳጥኑን ማሸጊያ በጠመኔ ቢፈትሽ አብዛኛውን ጥቅም ያገኛል፤ የሴንሰር ችግርም አይገጥመውም። ኪቱን የሚገዛ ደግሞ የፋብሪካውን ሳጥን አይሽጥ። ቪቴዎቹንና የድምፅ ቱቦውን በአንድ ፌስታል አስሮ ከሳጥኑ ጋር ያስቀምጥ፤ መኪናው ሲሸጥ ገዢው ይጠይቃል፣ ሞተሩ የማይታወቅ ጠባይ ሲያመጣም መጀመሪያ የሚደረገው እሱን መልሶ ገጥሞ ስካነሩን ማየት ነው።